ግለ ታሪክ በግሩፕ ወርክ ማስተማር፦ 60 ተማሪ፣ ሁለት መጽሐፍ

ጠመኔ_በእጄ

ሰላም ለዚህ ቤት መምህራን፣ እንዴት ከረማችሁ። የመንግስት ትምህርት ቤት ውስጥ 11ኛ ክፍል አማርኛ ነው የማስተምረው። ክፍሎቼ ከ58 እስከ 63 ልጅ አላቸው፣ ፔሬዱ 40 ደቂቃ ነው ግን ስም ጠርቼ ጸጥ እስኪሉ 35 ቢተርፈኝ ነው።

ጥያቄዬ ስለ ግለ ታሪክ ነው። ልብ ወለድና ግጥም ላይ ልጆቼ ደህና ናቸው፣ ይከራከራሉ፣ ገጸ ባህሪውን ይወዳሉ ይጠላሉ። ግለ ታሪክ ሲሆን ግን ወዲያው ደብተር አውጥተው ቀን እና ስም መጻፍ ነው፣ "ቲቸር የትኛው ዓመተ ምህረት ነው ፈተና ላይ የሚወጣው" ይሉኛል፣ ሰውየው ምን ተሰማው ለምን ይሄን ጻፈ የሚል ጥያቄ ጭራሽ አይመጣላቸውም። እኔ ደግሞ በዚህ ሴሚስተር የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን ኦቶባዮግራፊ ልሰራበት ቆርጫለሁ። ምክንያቴ ሰውየው ከኛ ልጆች ባነሰ ዕድሜ ከራስ መኮንን ጦር ጋር ከሐረር ተነስቶ አድዋ የሄደ፣ ከዛ ገና ልጅ እያለ ሩሲያ ተልኮ እዛ ያደገና መድፈኛ መኮንንነት የተማረ ነው። የ1923ቱን ሕገ መንግስት ያረቀቁት፣ ጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ላይ ለሀገር የተከራከሩት፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር የጻፉት እሳቸው መሆናቸውን ልጆቼ አንዳቸውም አያውቁም። እኔ የምፈልገው ግን ትልቁን ሰውዬ ሳይሆን መጀመሪያ ልጁን እንዲያገኙት ነው።

ችግሩ መጽሐፉ ሁለት ብቻ ነው፣ አንድ የላይብረሪው አንድ የኔ። ሌላው ግሩፕ ወርክ ስሰጥ አምስት ልጅ ተቀምጦ አንዷ ጎበዝ ትጽፋለች፣ አራቱ ስማቸውን ያስጽፋሉ፣ ማርኩን እኩል ይካፈላሉ። ይሄ አሰራር ለጎበዟም ግፍ ነው ለአራቱም ግፍ ነው። አንድ ልጅ ብቻውን ሊሰራው የማይችለው የግሩፕ ስራ ለግለ ታሪክ የሰራችሁ ካላችሁ በዝርዝር ንገሩኝ፣ "ተማሪን ማሳተፍ ጥሩ ነው" የሚለውን ስልጠና ላይ ሰምቼዋለሁ።

የድሮ_መምህር_ጎጃም

ልጄ ጥያቄሽ ጥሩ ነው፣ መልሱም ራሱ ጥያቄሽ ውስጥ አለ። አንዷ ጎበዝ ሁሉን የምትሰራው ሁሉም ልጅ ፊት ያለው ወረቀት አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው። አምስቱም ያንኑ ገጽ ካነበቡ ፈጣኗ ትጨርስና ሌላው ያርፋል። ለያንዳንዱ የተለያየ ገጽ ስጪው፣ ያኔ ያለ እሱ ማንም አይጨርስም። ፈረንጆቹ ጂግሶው ይሉታል፣ አሮንሰን የሚባል የሥነ ልቦና ሰው በ1971 እንደነሱ አቆጣጠር ቴክሳስ ኦስቲን ውስጥ ነው የጀመረው፣ ያኔ ጥቁርና ነጭ ልጆች ገና አንድ ክፍል መማር ጀምረው ሲጣሉ እርስ በርስ እንዲፈላለጉ ለማድረግ ነበር። እኔ ከጡረታ በፊት ብዙ ዓመት ሰርቼበታለሁ፣ ለግለ ታሪክ ደግሞ ከምንም በላይ ይሄዳል ምክንያቱም የሰው ሕይወት በቁራጭ በቁራጭ ሊነበብ ይችላል።

አሰራሩን ልንገርሽ። መጽሐፉን በሙሉ አትሞክሪው፣ አምስት ቦታ ምረጪ፣ እያንዳንዱ ከአንድ ገጽ ተኩል አይበልጥ። ለምሳሌ ከልጅነቱ አንድ፣ ከአድዋ ጉዞ አንድ፣ ከጦርነቱ አንድ፣ ከሀገር ሲወጣ አንድ፣ ሩሲያ ከደረሰ በኋላ አንድ። ፎቶ ኮፒ ከከበደ ከየክፍሉ እጅ ጽሑፋቸው የሚያምር ልጆችን አስቀድመሽ አስገልብጪያቸው፣ እነዚያ ልጆች ጽሑፉን ከማንም በላይ ያውቁታል፣ አይተሽ ትመሰክሪያለሽ። ከዛ በመጀመሪያው ፔሬድ አንድ ዓይነት ገጽ የደረሳቸው ልጆች አንድ ላይ ይቀመጣሉ። ስልሳ ልጅ ስለሆነ ለአንድ ገጽ አስራ ሁለት ይሆናሉ፣ አስራ ሁለት ብዙ ነው ለሁለት ክፈያቸው። ስራቸው ገጹን አንብበው ለሌላ ሰው እንዴት እንደሚነግሩት መስማማት ነው። በሁለተኛው ፔሬድ ይበተኑና ከየገጹ አንድ አንድ ሆነው አዲስ አምስት ይሰራሉ፣ ወረቀቱን ትሰበስቢያለሽ፣ ያለ ወረቀት በቃል ይነጋገራሉ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚሰራው። ዝም ይል የነበረው ልጅ አድዋን ይዟል፣ አራቱ ዓይን ዓይኑን ያዩታል፣ መናገር አለበት።

ዴስኩ ተያይዞ የተሰራ ከሆነ አታንቀሳቅሺው፣ አንድ ረድፍ ወደ ኋላ ዞረው ይቀመጡ፣ ይበቃል። ጫጫታ ይኖራል፣ ጎረቤት ክፍል የሚያስተምረውን ሰው አስቀድመሽ ንገሪው።

ተስፋ_ዘወሎ

ከሳቸው ጋር በአክብሮት ልለይ ነው። አንደኛ ጊዜ የለም። ሁለት ፔሬድ ለአንድ መጽሐፍ ከሰጠሁ ሰዋስው መቼ ሊሸፈን ነው፣ ሲላበሱ ካልተሸፈነ ዲፓርትመንት ሄድ የሚጠይቀው እኔን ነው። ሁለተኛ ልጆቹ ራሳቸው ግሩፕ የሚለውን ነገር ጠልተውታል፣ አንድ ለአምስት ተብሎ ስንት ዓመት ሙሉ ጎበዙ የአራት ሰው ሸክም ተሸክሞ ነበር፣ ግሩፕ ስትል ያንን ነው የሚያስታውሱት። ሶስተኛ 12ኛ ክፍል ማትሪክ ላይ አማርኛ አይመጣባቸውም፣ ናቹራል የሆኑት በኔ ፔሬድ ደብተራቸው ስር የፊዚክስ ወርክሺት ነው የሚሰሩት። እኔ ደህና አድርጌ ራሴ ባነብላቸውና ባስረዳቸው ይሻላል ባይ ነኝ፣ በጥሩ ድምፅ የተነበበ ግለ ታሪክ ራሱ ብዙ ነገር ነው።

ጠመኔ_በእጄ

ተስፋ፣ ያነሳኸው ሁሉ እኔም ክፍል ያለ ነው፣ በተለይ የፊዚክሱ ወርክሺት። ማንበቡንም አልተወውም፣ መግቢያውን ራሴ ነው የማነብላቸው። ግን ማትሪክ ላይ ስለማይመጣ እኮ ነው ነፃነት ያለን፣ ለፈተና ብለን ሳንቸኩል ልናስተምረው የምንችለው ብቸኛ ትምህርት ሆኖ ሳለ ለምን እንደ ፈተና እናስተምረዋለን? አንድ ለአምስቱ ደግሞ የተጠላው አደረጃጀቱ ቋሚ ስለነበረ ነው፣ ጎበዙ ሁሌ ጎበዝ ሰነፉ ሁሌ ሰነፍ ሆኖ ይቀራል። ጋሼ እንዳሉት በየፔሬዱ የሚበተን ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ ወረቀቱን መሰብሰብ የሚለው በፍጹም አልታሰበኝም ነበር።

ታሪክ_ክፍል_ቢ12

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፣ ከአማርኛ መምህር ጋር ተጣምረን ነው የሰራነው፣ እናንተም ብትሞክሩት ደስ ይለኛል።

ግለ ታሪክ ላይ ልጆች የሚያልፉት ትልቁ ነገር ጸሐፊው ይሄን ከየት አወቀው የሚለው ነው። መጽሐፍ ላይ ከተጻፈ እውነት ነው ብለው ይይዙታል፣ ወይ ደግሞ ራሱ ስለ ራሱ የጻፈውማ ጉራ ነው ብለው ይጥሉታል፣ ሁለቱም ማንበብ አይደለም። እና እኛ ያደረግነው ለየግሩፑ አንድ ገጽ እንሰጥና ደብተራቸውን በሶስት እንዲከፍሉ ነው የምንነግራቸው፣ አየሁ፣ ሰማሁ፣ መሰለኝ ብለው። ከዛ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አንስተው የት እንደሚገባ ይከራከራሉ። ጸሐፊው በዓይኑ ያየው ነው? ሰው ነግሮት ነው? ወይስ ካደገ በኋላ አስቦ የደረሰበት ነው? እመኑኝ አንድ ገጽ ላይ 35 ደቂቃ አይበቃም። አንዴ አንዱ ልጅ "ይሄማ ተኝቶ ነበር ብሏል እኮ፣ ተኝቶ እንዴት ሊያይ ይችላል" ብሎ ተነሳ፣ ክፍሉ በሙሉ ወደ ገጹ ተመለሰ፣ ያቺ ዓረፍተ ነገር ከአየሁ ወደ ሰማሁ ተዛወረች። ማንም ሳያዛቸው ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው ደግመው ሲያነቡ ማየት ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ተክለ ሐዋርያት ላይ ደግሞ ይሄ ስራ የበለጠ ይሄዳል ምክንያቱም አድዋን ያየው ልጅ ነው፣ የጻፈው ግን ብዙ ዓመት ኖሮ ብዙ ሀገር ዞሮ መንግስት አገልግሎ ስደት ቀምሶ የመጣ ትልቅ ሰው ነው። አንድ ገጽ ውስጥ ሁለት ሰው አለ። ግሩፑን ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹ የልጁን ድምፅ ግማሹ የሽማግሌውን ድምፅ እየለየ እንዲያነብ ብታደርጉ፣ የት ላይ ነው ልጁ የሚፈራው፣ የት ላይ ነው ሽማግሌው ገብቶ የሚያስረዳው፣ እያሉ መስመር በመስመር ይካፈሉታል። የማይስማሙበት መስመር ሲመጣ አትፍረዱላቸው፣ ሁለቱም አብረው ያንብቡት።

ሁለተኛው የሰራነው የሽሬውን ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ "ትዝታ" ላይ የጣሊያንን ወረራ ጊዜ ጽፈዋል፣ ራስ ዕምሩም "ካየሁትና ከማስታውሰው" ላይ ጽፈዋል። ሁለቱ በ1928 ሽሬ ላይ አንድ ግንባር ነበሩ፣ ራስ ዕምሩ የጦሩ አዛዥ ሐዲስ ከጎጃም የዘመቱ ወጣት፣ ታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ላይ እጅ እስኪሰጡ ድረስ አብረው ነው የቆዩት፣ ከዛም ጣሊያን ሀገር ታስረዋል። እና ግማሹ ክፍል የአንዱን ገጽ ግማሹ የሌላውን ይዞ ከተከዜ ወዲህ ከተከዜ ወዲያ እያለ የጦሩን መንገድ ካርታ ላይ ያስቀምጣል። ካርታው እኛው በካርቶን የሳልነው ነው። አዛዥ የሚያየውና ከስር ያለ ሰው የሚያየው ምን ያህል እንደሚለያይ ያኔ በራሳቸው ይናገራሉ፣ ራሱ ስሙም እኮ ካየሁትና ከማስታውሰው ነው የሚለው፣ ሁሉን አውቃለሁ አላሉም።

ማክዳ_ሜሪላንድ

እኔ የምኖረው ውጭ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሀበሻ ልጆች አማርኛ እናስተምራለን፣ ብዙዎቹ ሃይስኩል ናቸው። እንደናንተ ስልሳ ሳይሆን አስራ አራት ልጅ ነው ያለኝ፣ ስለዚህ ክላስ ማኔጅመንት ላይ ምክር የለኝም። ግን የተክለ ሐዋርያትን ሩሲያ የመሄድ ክፍል አንብበንላቸው የሆነው ነገር ይጠቅማችኋል ብዬ ነው። ከነሱ ውስጥ በሰባት በስምንት ዓመታቸው የመጡ አሉ፣ ያ ልጅ ቋንቋ በማያውቅበት ሀገር ብቻውን መግባቱን ሲያነቡ ያለ ምንም ጥያቄ ማውራት ጀመሩ፣ አንዷ ኬጂ እያለች ለሶስት ወር ምንም ሳትናገር እንደቆየች ነገረችን፣ እናቷ ራሷ አታውቅም ነበር።

ግሩፕ አክቲቪቲያችን ቀላል ነው። ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ጸሐፊውን ይሆናል፣ አንዱ ጠያቂ ይሆናል፣ ጠያቂው መጽሐፉ ያልመለሰውን ነው የሚጠይቀው። እናትህን መቼ ነው ያሰብካት? መርከቡ ላይ ምን በላህ? ጸሐፊውን የሆነው ልጅ መጽሐፉ ላይ ካለው ተነስቶ መመለስ ይችላል፣ መጽሐፉ ላይ ጭራሽ ከሌለ ግን "ይሄን አልጻፍኩትም" ማለት አለበት፣ ፈጥሮ መናገር አይፈቀድም። ከዛ ያልጻፋቸውን ሰብስበን ለምን ትቶት ይሆን እንላለን። ልጆቹ ሰው ስለራሱ ሲጽፍ የሚተወው ነገር እንዳለ የሚገባቸው እዚህ ላይ ነው። ስልሳ ልጅም ቢሆን ሁለት ሁለት ስለሆነ ከባድ አይመስለኝም።

ጠመኔ_በእጄ

ሁላችሁም ተባረኩ፣ ይሄን ሁሉ አልጠበቅኩም። አየሁ ሰማሁ መሰለኝ የሚለውን ለሰኞ አዘጋጅቼዋለሁ። አሁን አንድ የሚያስጨንቀኝ ነገር ቀርቷል። መጨረሻ ላይ የየራሳቸውን አንድ ገጽ ትዝታ እንዲጽፉና ግሩፕ ውስጥ እንዲያነቡት አስቤ ነበር። ግን ክፍሌ ውስጥ ተፈናቅለው የመጡ ልጆች አሉ፣ ወንድም ያጡ አሉ፣ አድዋን ስናነብ ራሱ አንገታቸውን የሚደፉ አያለሁ። ታሪክ ክፍል ያነሱት ሽሬማ በኛም ዘመን ጦርነት ያየ ቦታ ነው። እንዴት አድርጌ ነው የምሰራው? ልተወው?

እመ_ሰላም

እህቴ አትተዪው፣ ግን ቀስ ብለሽ ነው። እኔ ጦርነቱ ባለፈበት አካባቢ ነው የማስተምረው፣ ትምህርት ቤታችን ራሱ መስኮትና ዴስክ አልተረፈለትም ነበር፣ ልጆቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው የጀመርነው። ስለዚህ ይሄን ጥያቄ በደንብ አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ ጥያቄውን አጥብቢው። "የማልረሳው ቀን" ብለሽ ርዕስ ከሰጠሻቸው ልጁ ወደዛው ቀን ነው የሚሄደው፣ ሌላ መንገድ አልተውሽለትም። እኔ የምሰጣቸው አንድ ዕቃ፣ አንድ ምግብ ወይም አንድ መንገድ ነው። ቤታችን የነበረ ዕቃ ጻፉ እላለሁ፣ ምን ይመስል ነበር፣ ማን ነበር የሚይዘው፣ የት ይቀመጥ ነበር። አንድ ልጅ የአባቱን ራዲዮ ጻፈ፣ ባትሪው እንዳያልቅ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ፣ ክዳኑ በላስቲክ ሲታሰር፣ ጠዋት ጠዋት ጣቢያው እስኪገኝ ሹ ሲል። አባቱ የት እንዳለ አልጻፈም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ጽሑፉ ግን ሙሉ ነበር።

ሁለተኛ ማለፍ ይቻላል የሚለውን ሕግ ከመጀመሪያው ቀን ሰሌዳ ላይ ጻፊው። የማያነብ ልጅ ምክንያት አይጠየቅም፣ ማርክም አይቀነስበትም። የራሱን መጻፍ የማይፈልግ ደግሞ ከቤት ወይ ከጎረቤት አንድ ትልቅ ሰው ጠይቆ የሰውየውን ይጻፍ፣ ግለ ታሪክ እንዴት እንደሚሰራ በዚያም ይማራል፣ እንዲያውም ብዙዎቹ ይሄኛውን ነው የሚመርጡት፣ አያቶቻቸው ጋር የማያወሩ ልጆች ቁጭ ብለው ያወራሉ። ሶስተኛ ጽሑፉ ከክፍል አይወጣም፣ ስልክ አውጥቶ ፎቶ ማንሳት ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መልቀቅ የለም፣ ይሄን አጥብቀሽ ንገሪያቸው ምክንያቱም አንድ ጊዜ ከወጣ አይመለስም። አድማጮቹም ስራ ይሰጣቸው፣ ሰምተው ሲጨርሱ "አይዞህ" ምናምን ከማለት ይልቅ የትኛው መስመር በዓይናቸው እንደታያቸው ይናገሩ። ያነበበው ልጅ የሚፈልገው የሚያዝንለት ሳይሆን የሰማው ሰው መኖሩን ማወቅ ነው።

ማርክ ስትሰጪ ደግሞ ስለ ሀዘኑ እንዳትሰጪ። በጣም የሚያሳዝን የጻፈ ልጅ አስር ከአስር ካገኘ ሌላው በሚቀጥለው ሀዘን ይፈጥራል፣ ያ ደግሞ እውነተኛውን ሀዘን ያለውን ልጅ ይጎዳል። በዝርዝሩ፣ በቅደም ተከተሉ፣ በቋንቋው ስጪ።

አንገቱን የሚደፋውን ልጅ ከክፍል በኋላ ብቻውን አግኝተሽ እንዴት ነህ በይው፣ ክፍል ውስጥ ስሙን አትጥሪ። ከአቅምሽ በላይ ከሆነ ደግሞ ትምህርት ቤታችሁ ምክር የሚሰጥ ሰው ካለ አገናኚው፣ ከሌለ የሚያምነውን አንድ ዘመድ ፈልጊ።

ተስፋ_ዘወሎ

እመ ሰላም የጻፍሽው ልቤን ነካው። እኔም ክፍል እንዲህ ዓይነት ልጆች አሉ፣ ዝም ስለሚሉ ደህና ናቸው ብሎ ማለፍ ይቀላል። የዕቃውን እሞክረዋለሁ፣ አንድ ፔሬድ አላጣም። የግሩፕ ማርኩ ግን አሁንም አልተፈታልኝም፣ ጋሼ እስኪ እርስዎ እንዴት ነበር የሚያርሙት?

የድሮ_መምህር_ጎጃም

ተስፋ ልጄ ጥሩ ጠየቅህ። ከአስር ነው የማርመው። ስድስቱ የየግል ነው፣ ፔሬዱ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀር ሁሉም ልጅ ቁራጭ ወረቀት ላይ ከራሱ ገጽ ሳይሆን ጓደኛው ከነገረው ገጽ አራት መስመር ይጽፋል። የሰማ ይጽፋል ያልሰማ አይጽፍም፣ ስም አስጽፎ ማለፍ የለም። አራቱ የግሩፕ ነው፣ እሱን ደግሞ በዕጣ ነው የምሰጠው። ግሩፕ ውስጥ ከ1 እስከ 5 ቁጥር ይይዛሉ፣ እኔ አንድ ቁጥር አወጣለሁ፣ 3 ከወጣ የየግሩፑ ሶስተኛ ልጅ ተነስቶ ስለ ግሩፑ ይናገራል፣ እሱ የተናገረው ለአምስቱም ማርክ ነው። ማን እንደሚነሳ ስለማይታወቅ ጎበዟ ራሷ ደካማውን ታዘጋጃለች። ስልሳ ቁራጭ ወረቀት ማረም ይከብዳል ካልክ አራት መስመር ነው፣ በአንድ ሻይ ሰዓት ያልቃል፣ ደግሞም የትኛው ገጽ በደንብ እንዳልተነገረ ወረቀቱ ላይ ታየዋለህ፣ በማግስቱ እሱን ገጽ ራስህ በጥሩ ድምፅህ ታነብላቸዋለህ።

የኔዋ ልጅ፣ አምስቱን ገጽ ስትመርጪ ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። እያንዳንዱ ገጽ ለብቻው የሚገባ ይሁን፣ ከፊቱ ያለውን ካላነበቡ የማይገባ ገጽ ከሆነ የደረሳቸው ልጆች ከመጀመሪያው ተስፋ ይቆርጣሉ። ሌላው ከባዱን ገጽ ለጎበዞቹ አትስጪ፣ በዕጣ ይድረስ።

ጠመኔ_በእጄ

ጋሼ እሺ፣ በዕጣ። ገጾቹን ዛሬ ማታ እመርጣለሁ፣ እጅ ጽሑፋቸው የሚያምር አራት ልጆች ነገ ከሰዓት ላይብረሪ ቀጥሬያለሁ። ታሪክ ክፍል፣ የሽሬውን ካርታ እንዴት እንደሳላችሁት ፎቶ ካለ እዚሁ ልቀቅልኝ፣ የኛ ታሪክ መምህር ፈቃደኛ ነው፣ ካርቶኑን ከሱቅ ለምኖ አምጥቷል።

ታሪክ_ክፍል_ቢ12

ነገ ትምህርት ቤት ስገባ አንስቼ እለቃለሁ። ተከዜን በሰማያዊ ቾክ ነው ያሰመርነው፣ ማይጨውንም ጨምሩበት፣ ልጆቹ ንጉሡ በዚያው ሰሞን የት ነበሩ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።